ስልካችን ቀን አያውቅም

አጎቴ ዱባይ ያለች ልጁን ሊጠይቅ ትኬት ተቆረጠለት። ትኬቱ ላይ «ማክሰኞ 01:15» ይላል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ታናሽ ልጁ «ይሄ በኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ነው» አለ። ልክ ነው። አክስቴ ደግሞ «እንግዲያ ማክሰኞ ሌሊት ነዋ!» አለች። ትኬቱም የሚለው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ በርበሬና ሽሮ ሲታሰር ዋለ። እራት ተበላ፣ ምርቃት ተሰጠ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ቦሌ ተደረሰ። አውሮፕላኑ ከሄደ 21 ሰዓት ሊሞላው ሩብ ሰዓት ነበር የቀረው።

አጎቴ እስከ ዛሬ «ኮምፒውተሩ ነው ያሳሳተኝ» ይላል። ኮምፒውተሩ ግን በዚህ የለበትም። እንደውም ማክሰኞ የሚባል ቀን መኖሩንም አያውቅም።

መጀመሪያ የአጎቴን ጉዳይ እንጨርሰው። በፈረንጁ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በምንለው ጊዜ ላይ ነው። በኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ የመሸው ቀን ሌሊት ነው። ሰኞ ማታ ተኝተን እስክንነሳ ድረስ ያለው «ሰኞ ሌሊት» ነው። ስለዚህ ትኬቱ «ማክሰኞ 01:15» ያለው እኛ ሰኞ ሌሊት የምንለውን ነው። የሚገርመው አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የተሠራ ቃል አለው፤ አጥቢያ። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሽሮ ወደ ቤት ባልተመለሰ ነበር።

እንዲህ ያለ መደነጋገር በየቤቱ አለ። የተበላሸ የልደት ቀን፣ «1970» የሚል ፎቶ፣ ሰዓቱ ስለተዛባ ኢንተርኔት አልከፍትም የሚል ኮምፒውተር። የሁሉም ሥር አንድ ስለሆነ ከሥሩ እንጀምር።

ስልኩ ታዲያ ምኑን ነው የሚያውቀው?

የቤታችሁን የመብራት ቆጣሪ አስቡት። ስለ ብር አያውቅም። ስለ ወር አያውቅም። ሥራው መቁጠር ብቻ ነው። ቁጥሩን ወደ ብር የሚቀይረው ሌላ ሰው፣ ሌላ ቦታ ነው። ታሪፉ ነገ ቢለወጥ ቆጣሪው አይነካም፤ የሚለወጠው ስሌቱ ነው።

ስልክና ኮምፒውተርም ውስጣቸው እንዲህ ያለ ቆጣሪ አለ። አንድ ሰከንድ ባለፈ ቁጥር አንድ ይጨምራል። አሁን ቁጥሩ ከ1 ቢሊዮን ከ700 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ስክሪኑ ላይ የምናየው ቀን፣ ወር፣ ዓመትና ሰዓት ሁሉ ከዚህ ቁጥር ተሰልቶ የወጣ ትርጉም ነው። እናንተ አዲስ አበባ፣ እህታችሁ ዋሽንግተን ብትሆኑ፣ በዚህች ቅጽበት የሁለታችሁ ስልክ ውስጥ ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። ትርጉሙ ላይ ብቻ ነው የምትለያዩት።

ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ቆጣሪው ሌላ፣ ትርጉሙ ሌላ ነው። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ቆጣሪው የሚሄደው ኳርትዝ በሚባል ትንሽ ክሪስታል ነው። የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለውም እሱ ነው። ኤሌክትሪክ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። 32,768ን ለሁለት፣ ውጤቱን እንደገና ለሁለት እያላችሁ 15 ጊዜ ብትከፍሉት ልክ 1 ይመጣል። ለሁለት መክፈል ደግሞ ለኤሌክትሮኒክስ በጣም ቀላል ሥራ ነው።

ክሪስታሉ ግን ሙቀትና ብርድ ያዛባዋል። በቀን አንድ ሰከንድ ገደማ ሊስት ይችላል። በቀን ምንም አይደለም፤ በዓመት ደቂቃዎች ይሆናል። ስለዚህ ስልኩ የሚያደርገው ድሮ ሬዲዮ ሰዓት ሲናገር አባቶቻችን የእጅ ሰዓታቸውን እንደሚያስተካክሉት ነው። ከኔትወርክ ማማው ይጠይቃል፤ ከኢንተርኔት ይጠይቃል፤ አቶሚክ ሰዓት ተሸክመው ከሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶችም ይሰማል። በኢንተርኔት የሚጠይቅበትን ዘዴ ዴቪድ ሚልስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው ያወጣው። ዘዴው ብልህ ነው። መልሱ እስኪደርስ መንገድ ላይ ጊዜ ይባክናል አይደል? ኮምፒውተሩ ጥያቄው ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ይለካል፣ ለሁለት ይከፍላል፣ የመንገዱን ጊዜ በመልሱ ላይ ይጨምራል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው እኛ ሳናይ ነው።

ቆጠራው ለምን ከ1970 ጀመረ?

ቆጣሪው ዜሮ የነበረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በግሪንዊች ሰዓት (የዓለም ሰዓት መነሻ በሆነው) እኩለ ሌሊት ላይ ነው ተብሎ ተወስኗል። በኛ ለታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር።

ያን ቀን የተለየ ነገር አልተፈጠረም። በዚያው ሰሞን ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የሚባለውን ሲስተም እየሠሩ ነበር። ቆጠራቸው ከአንድ ቦታ መጀመር ነበረበትና ቅርብ የሆነ፣ ለሒሳብ የሚመች ቀን መረጡ። በመጀመሪያው ዙር እንደውም ከ1971 ጀምረው፣ ሰከንዷን 60 ቦታ እየከፈሉ ነበር የሚቆጥሩት። እንደዚያ ሲሆን ቆጣሪው በሁለት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ውስጥ ይሞላል። ሲያዩት አላዋጣም፤ በሰከንድ ይሁን፣ ከ1970 ይጀምር አሉ። ዛሬ የአንድሮይድ ስልክም አይፎንም ከዚያ የሥራ ቤት የወጣውን ልማድ ይከተላሉ።

ስልካችሁ ውስጥ «ጃንዋሪ 1፣ 1970» የሚል ፎቶ ወይም ፋይል ካያችሁ ሚስጥሩ ይኸው ነው። ቀኑ ጠፍቷል፤ ቦታው ላይ ዜሮ ቀርቷል፤ ዜሮ ሲተረጎም 1970 ይሆናል። አሜሪካ ያለ ሰው ደግሞ «ዲሴምበር 31፣ 1969» ሊያይ ይችላል፤ በግሪንዊች ሰዓት እኩለ ሌሊት ሲሆን አሜሪካ ገና የዋዜማው ምሽት ነዋ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር ከቀልድ አልፎ ነበር። አንዳንድ አይፎኖች ቀናቸው በእጅ ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ሲመለስ ጠፍተው አልነሳ ይሉ ነበር። አፕል በኋላ አስተካከለው።

ስልኬን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ብመልሰው ምን ይላል?

ብዙ ሰው ያደርገዋል። «02:00» እያየ «8 ሰዓት» ማለት፣ «14:00» እያየም ያው 8 ሰዓት ማለት የሰለቸው ሰው ቅንብሩ ውስጥ ይገባና ሰዓቱን በእጁ ይመልሰዋል። ለጥቂት ጊዜ ደስ ይላል። ከዚያ ጣጣው ይመጣል።

ሰዓቱን በእጅ ስንመልስ የነካነው ትርጉሙን አይደለም፤ ቆጣሪውን ነው። ስልኩ «ከ6 ሰዓት በፊት ነው ያለሁት» ብሎ ያምናል። ታሪፉ አልተመቸኝም ብሎ ቆጣሪውን እንደ መነካካት ማለት ነው። ለምሳሌ አንዳንድ አፖች በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ባለ 6 አሃዝ የመግቢያ ኮድ ያወጣሉ። ኮዱ የሚሠራው ከምስጢር ቁልፍና ከቆጣሪው ቁጥር ነው። ቆጣሪው 6 ሰዓት ከሳተ ኮዱ ሁልጊዜ ስህተት ነው።

የባሰው ኢንተርኔቱ ነው። ድሮ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ያስታውሰዋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀኑ የዛሬ ምናምን ዓመት ይሆናል፤ ድረ ገጽ ስትከፍቱ «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ልጁ መጥቶ ቀኑን ያስተካክልና «በቃ ይሠራል» ብሎ ይሄዳል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንደገና ያው ነው። ጥፋቱ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ነበረች። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱ እንዲሄድ የምታደርገው እሷ ናት፤ ስትሞት ቀኑ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

ግን የቀን መሳሳት ከድረ ገጽ ጋር ምን አገናኘው? ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አላቸው። እንደ መታወቂያ ነው፤ የተሰጠበት ቀን አለው፣ የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተራችሁ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚያይ ጥበቃ ነው። ጥበቃው ዛሬን 1994 ዓ.ም. ነው ብሎ ካመነና አንዱ በ2017 የተሰጠ መታወቂያ ካሳየው ምን ይላል? «ይሄማ ገና አልተሰጠም፤ ፎርጅድ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ጥበቃው ሥራውን ነው የሠራው። የያዘው ቀን ነው የተበላሸው።

ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ማየት ለሚፈልግ ቆጣሪውን የማይነካ መንገድ አለ። ስልኩ የዓለም ከተሞችን ሰዓት የሚያሳይበት ገጽ ላይ ቦነስ አይረስን ጨምሩ። አዎ፣ አርጀንቲና ያለችውን። ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ሰዓቷንም በበጋና በክረምት አትቀያይርም። አዲስ አበባ «08:00» ሲል ቦነስ አይረስ 2:00 ይላል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። አዲስ አበባ «19:00» ሲል ባለ 12 ሰዓቱ አቆጣጠር ቦነስ አይረስ ላይ 1:00 ነው፤ የኛ ምሽት 1 ሰዓት።

ይበልጥ የወደድኩት ሌላው ነው። የቦነስ አይረስ ቀን የሚለወጠው እኛ ጠዋት 12 ሰዓት በምንለው ሰዓት ነው። ማለትም ሲነጋ! የአጎቴን በረራ በቦነስ አይረስ ሰዓት ብታዩት ሰኞ 7:15 ይላል። አክስቴ ያንን ብታይ ኖሮ ሰኞ ሌሊት ነው ብላ ሻንጣውን ታስነሳ ነበር።

የኛ አቆጣጠር ለማሽን ይከብዳል?

ይከብዳል የሚለው ወሬ ብዙ ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የፈረንጁን ወራት ተመልከቱ፤ 31፣ 28፣ 31፣ 30፣ አንዳንዴ 29። ለፕሮግራም ጸሐፊ ራስ ምታት ነው። የኛ 12 ወራት እኩል 30፣ ጳጉሜን 5፣ በዘመነ ሉቃስ 6። ስሌቱ ጥቂት መስመር ነው የሚፈጀው።

ሥራውም ተሠርቷል። ዛሬ ስልኮችና ብራውዘሮች ቋንቋንና ቀንን የሚተረጉሙባቸው የጋራ ቤተ መጻሕፍት (ተዘጋጅተው የተቀመጡ የፕሮግራም ክፍሎች) የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃሉ። ዓመተ ምሕረትን ብቻ አይደለም፤ ዓመተ ዓለምንም ለብቻው ያውቃሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን 5,500 ዓመትም ጨምሮ። ታዲያ ለምን አፖቻችን ላይ አናየውም? አፑን የሚሠራው ሰው አምጣልኝ ብሎ ስለማይጠይቅ ነው። ዕቃው መጋዘን ውስጥ አለ፤ ያወጣው የለም። ከ12 በላይ ወር የማይቀበል ቅጽ ሠርቶ ጳጉሜን 3 የተወለደን ሕፃን መመዝገብ የማይችል ሰው፣ ማሽኑ አልቻለም ቢል እኔ አላምነውም።

ሰዓቱ ላይ ነገሩ ይለያል። ቀን ከንጋት፣ ሌሊት ከምሽት መቁጠር ለኛ አገር ልክ የሆነ ነገር ነው፤ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛ ነው የሚቆጥሩት። ጠዋት 1 ሰዓትን «ሳ ሞጃ» ይሏታል፤ ሞጃ አንድ ነው። ስቶክሆልም ላይ ግን «ከነጋ 2 ሰዓት» ቢባል በታኅሣሥ ረፋድ ይሆናል፣ በሰኔ ሰው ሁሉ ተኝቷል።

ቅጽ ላይ የልደት ቀኔን በየትኛው ልሙላ?

ቅጹ የፈረንጅ ከሆነ በፈረንጅ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ስህተቱ ግን አያልቅም። ለምን እንደማያልቅ ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

አንድ ሰው ጥቅምት 30 ቀን 1985 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። ሳይቀይር «30/2/1985» ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ «ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም» ይልና ይመልሰዋል። ሰውየው ይበሳጫል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1992 ብሎ ያስተካክላል። ተረፈ።

ሌላው የካቲት 30 ቀን 1985 ዓ.ም. ተወለደ። «30/6/1985» ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ ጁን 30 ቀን 1985 ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። የሰውየው ትክክለኛ ልደት ማርች 9 ቀን 1993 ነበር። በአንድ ጠቅታ ከ7 ዓመት ተኩል በላይ አረጀ። የሚያወጣውም ለቪዛ ወይም ለትምህርት ሲያመለክት፣ ሁለት ወረቀቶቹ ሳይመሳሰሉ ሲቀሩ ነው። እምቢ ያለው ማሽን ሰውየውን አዳነው፤ እሺ ያለው ነው ጉድ የሠራው።

«7 ደምር፣ 8 ደምር» የሚለው የቃል ሒሳብ ለዓመቱ ይበቃል፤ ለቀኑ አይበቃም። እንቁጣጣሽ ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው። ከዘመነ ሉቃስ ማግስት ግን፣ ጳጉሜን 6 ስለሆነች፣ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 እንደዚያ ነበር፤ በ2027ም ይሆናል። የኛ 2000 የገባውም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነበር። ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ሁሉ በዚያ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል። ቀን መቀየሪያ አፕ ያላችሁ በእነዚህ ዓመታት ፈትኑት። ጥቂቶቹ ይወድቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ2100 በኋላ ደግሞ ፈረንጆቹ በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪን 29 ስለማያደርጉ ክፍተቱ በአንድ ቀን ይሰፋል፤ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 እና 13 ይሆናል። ያኔ ለሚኖሩት ትቼዋለሁ።

በስደት ወጥተው ልደታቸው ጃንዋሪ 1 የሆነ ሰዎችም ብዙ ናቸው። መዝጋቢው ቀኑን ማወቅ ሲያቅተው ዓመቱን ይገምትና የመጀመሪያውን ቀን ይሞላል። ማሽኑም ያምናል። በየዓመቱ ፌስቡክ ላይ በአንድ ቀን ስንት ዘመድ «መልካም ልደት» እንደሚባል የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አሜሪካ ያሉት አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት የሚለያዩን ለምንድን ነው?

እነሱ ናቸው የሚነቃነቁት፤ እኛ ቆመናል። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ አንድ ወደ ኋላ ያደርጉታል። ስለዚህ ዋሽንግተን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ከኛ ወደ ኋላ ነው። እስራኤልም ትለውጣለች፤ በበጋቸው ከአዲስ አበባ እኩል፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ዱባይ እንደኛ ቋሚ ናት፤ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ትቀድመናለች።

ይሄ ሁሉ ሕግ የተጻፈበት አንድ ሰንጠረዥ አለ። አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ አሜሪካዊ የጀመረው ነው፤ በዓለም ያሉ ስልኮች በሙሉ ማለት ይቻላል እሱን ነው የሚያነቡት። አንድ መንግሥት የሰዓት ሕጉን ሲቀይር እዚያ ላይ ይታረማል፤ ስልኮች ሲዘምኑ ይደርሳቸዋል። አዲስ አበባን እዚያ ብትፈልጉ የራሷ ስሌት የላትም። «ናይሮቢን ተመልከት» ይላል። ሰዓታችን አንድ ስለሆነ ነው፤ ቅር አይበላችሁ።

በ2030 ዓ.ም. ጥምቀት ምን ይፈጠራል?

እዚህ ጋ ነው ቆጣሪው የሚሞላው።

የድሮ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ኪሎ ሜትር የሚቆጥሩ 5 ተሽከርካሪ ቁጥሮች ነበሩ። 99,999 ሲደርስ ወደ 00000 ይዞራል። መኪናው አዲስ አልሆነም፤ ቦታ ነው ያለቀበት። የቀድሞ ኮምፒውተሮችም ለሰከንድ ቆጣሪው የመደቡት ቦታ 32 ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ቦታ 0 ወይም 1 ይይዛል፤ ቢት ይባላል። አንዱ ቦታ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ይሁን በታች ለማመልከት ይሄዳል። በቀሩት 31 ቦታዎች የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው።

ይህ ቁጥር የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። ወደኛ ስመልሰው ራሴም ሳቅሁ። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ጥምቀት። ያውም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሰከንድ፣ ያልታረመ ማሽን ወደ ዜሮ አይደለም የሚዞረው። የምልክቱ ቦታ ይገለበጥና ቁጥሩ ከዜሮ በታች 2 ቢሊዮን ምናምን ይሆናል። ማሽኑ ከ1962 ወደ ኋላ ያን ያህል ሰከንድ ቆጥሮ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ላይ ያርፋል። ዳግማዊ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው፤ ከአድዋ ድል 6 ዓመት እንኳን አልሞላም። መታወቂያ የሚያየውን ጥበቃ አስታውሱ። ምኒልክ ዘመን ያለ ጥበቃ የማንን መታወቂያ ይቀበላል?

«ይሄ እንደ 2000ው ወሬ አይደል?» የሚል ይኖራል። ያኔ ኮምፒውተሮች ዓመቱን በሁለት አሃዝ ብቻ ይጽፉ ስለነበር 99 አልፎ 00 ሲመጣ 1900 ይመስላቸዋል ተባለ። ቀኑ በኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ነበር። ብዙም ነገር ሳይፈጠር አለፈ፤ ሰውም ውሸት ነበር አለ። ያለፈው ግን በብዙ ቢሊዮን ዶላርና በስንት ሰው ሌሊት ሥራ አስቀድሞ ስለታረመ ነው። ሚሊኒየም አዳራሽ የጨፈርንለት የኛ 2000 ግን ኮምፒውተር አላስፈራም። ለእነሱ ተራ ሴፕቴምበር ነበር።

የ32 ቢቱ ጣጣ ደግሞ ቀድሞም አንዴ ብቅ ብሏል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 በብዙ መሥሪያ ቤቶች ያለው ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ የሚባለው የኢሜይል ሲስተም ደብዳቤ ማድረስ አቆመ። ቫይረስ የሚፈትሸው ክፍል ቀኑን በአንድ ረጅም ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ ዓመቱ 22፣ ወሩ 01፣ ቀኑ 01፣ መጨረሻው 0001። ሲገጣጠም 2,201,010,001 ይሆናል። ከላይ ካለው ትልቁ ቁጥር ጋር አወዳድሩት፤ በለጠው። በዓመት በዓል ቀን ኢሜይሎች ወረፋ ይዘው ቆሙ።

መድኃኒቱ ይታወቃል። ቦታውን ከ32 ወደ 64 ማሳደግ ነው። በ64 ቦታ የሚሄደው ቆጣሪ ለመሙላት 292 ቢሊዮን ዓመት ይፈልጋል፤ ፀሐይ ራሷ ያን ያህል አትቆይም። ዛሬ የምንገዛቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ባብዛኛው 64 ናቸው። ሊኑክስ የሚባለው የብዙ ማሽኖች ልብ፣ አሮጌ ባለ 32 ማሽኖች ላይ ሳይቀር ጊዜውን በ64 እንዲቆጥር እ.ኤ.አ. በ2020 ታርሟል። የሚያሳስበው ማንም የማያድሰው ዕቃ ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የተረሳ የኢንተርኔት ሳጥን፣ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ፣ ሊፍት፣ የደኅንነት ካሜራ፣ ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የመጣ የላቦራቶሪ ማሽን። እኛ አገር ዕቃ እስኪወድቅ ነው የሚሠራው፤ 15 ዓመት ብዙ አይደለም።

ያን ዕለት በዚያች ሰከንድ ጃንሜዳ ላይ ጎሕ ቀዷል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጸለይ አድሯል፣ ውሃው ሊባረክ ነው። የሰው ሁሉ ስልክ ወደ ታቦታቱ ተደቅኗል።

እኔ መሳቢያ ውስጥ የጣልኩት አንድ አሮጌ ስልክ አለኝ። ሰሞኑን ቻርጅ አድርጌ አስነሳሁትና ቀኑን በእጄ ወደ ፊት ገፋሁት። 2035፣ 2036፣ 2037። እዚያ ላይ ቆመ። ደጋግሜ ጫንኩት፤ 2038 የሚባል ዓመት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሠሩት ሰዎች በሩን እዚያው ዘግተውት ሄደዋል።